ካላወቅህ አገር ስጠኝ

እንቆቅልህ!
ምን አውቅልህ?
ከምድጃው ሳይርቅ፣ ከደጁ ሳይወጣ፣
አገሩን ለቅቆ ባሕር አቋርጦ የመጣ?

አትቸኩል፤ ኤሊም፣ ቀንድ አውጣም አይደለም፤
እኔም ፎቶውን ሳይ ቶሎ አልገባኝም።
ግራጫ ነው ውሃው፣ ሰማዩም ግራጫ፤
መሐል ባሕር ላይ ቤት፣ ከነጭስ መውጫ፣
ባለ ሁለት ፎቅ ነው፤ አለው መጋረጃ፤
የሌለው አንድ ብቻ፣ የበሩ ደረጃ።
ሦስት የሞተር ጀልባ ከፊት ይጎትታል፤
ቤቱ እንደ እልኸኛ በቅሎ ያመነታል።

ቦታው ኒውፋውንድላንድ፣ ካናዳ ጫፍ ላይ፤
ፔሊ ወሽመጥ ነው ስሙ። ካርታ ላይ ብታይ
አታገኘውም። ሃያ ሁለት ቤት ነበር፣
የኮድ ዓሣ ማድረቂያ፣ ጸሎት ቤት፣ መቃብር።

አንድ ቀን በሰኔ የመንግሥት ሰው መጣ፤
ከጀልባው ሳይወርድ ወረቀት አወጣ።
«ሐኪም የለም እዚህ» አለ፣ «የለም መብራት፤
ትምህርት ቤታችሁም የላትም መምህርት።
ማዶ ሁሉም አለ። ተሻገሩና ኑሩ፤
በነፍስ ወከፍ ታስቦ ይከፈላል ዶላሩ።»
ሕዝቡ ዝም።
እንደ ወጉ ነው፤ መልስ ያጣ ሰው
አገር ይሰጣል።
ሰጡ።

እጅ ወጣ ለድምፅ። አንድ እጅ ብቻ ቀረ፣
የዶርካስ ፓዲክ እጅ፣ ሽርጧ ኪስ ውስጥ እንደተቀበረ።
«አገሩን ውሰዱት» አለች፣ «ቤቴን አልሰጥም፤
አምብሮዝ በእጁ የሠራው ጣውላ አይፈታም።»
አምብሮዝ ባሏ ነው፤ ነገር አያበዛ፤
አርባ ባዶ በርሜል በዱቤ ገዛ፤
ከወለሉ ሥር አሰረው፣ ግንድ አነጠፈለት፤
የተኳረፈው ሁሉ ወጥቶ ገመድ ያዘለት።
የባሕር ሙላት መጣ፤ ከሥሩ ገብቶ
ብድግ አደረገው፣ እንደ ሕፃን፣ ራርቶ።

ዶርካስ አልወረደችም። ማንቆርቆሪያ ጥዳ
ቁጭ አለች፣ ልክ የሚመጣ እንዳለ እንግዳ።
ሳህኖቹ እንደበረደው ጥርስ ሲንገጫገጩ፣
በመስኮት አየች ዓሣ ነባሪዎች ውሃ ሲረጩ።

መቃብሩ ቀረ። በርሜል አይችለውም።
ከሁለቱ ልጆቿ አንዱ ስም የለውም።

መንገድ አጋማሽ ላይ ነፋስ ተነሣ።
ማዕበሉ ቤት መታ፤ ደግሞም ቤት መታ፤
(ገጣሚ ነው ባሕር፣ አያውቅም ፋታ)
የመሐሉ ገመድ ጧ ብሎ ተበጠሰ፤
ቤቱ በዝግታ ዞረ፣ ፊቱን መለሰ፣
በሩ ወደ ፔሊ።
ጨለማ ሳይመጣ ጎተቱት እንዲያው
በጀርባው፣ እንደ እንቢተኛ ልጅ፣ እያየ ወደዚያው።

ግሪንዌል መንደር ውስጥ ሁሉም ቤት በሰልፍ
ወደ መንገድ ዞሮ ያያል መኪና ሲያልፍ፤
የዶርካስ ቤት ብቻ፣ ለመንገድ ጀርባ ሰጥቶ፤
ፖስተኛው ዞሮ ይገባል፣ ሁልጊዜ ተቆጥቶ።
«ላዙርልሽ» ቢላት የመንደሩ ሹም፣
«የሚያየው ነገር አለው፤ ዓይኑን አልሸፍንም።»

ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ በጉልበት ከፍታ፣
የጨው መስመር አለ፣ ባሕር የፈረመው የዚያን ማታ።
ቀለም ቢቀቡበት ክረምት ላይ ይወጣል፤
የልጆቿም ቁመት ከእሱ ጀምሮ ይለካል፦
«ከባሕር ወለል በላይ ሦስት ስንዝር ሆነሻል!»

ትንሿ ሴለስቲን፣ ጥርሷ የወለቀ ሰሞን፣
«የተወለድሁት የት ነው?» አለች።
«እዚሁ፣ እዚች አልጋ ላይ፣ ከመስኮቱ ሥር።»
«ግሪንዌል?»
«የለም፤ ማዶ።»
ልጅቷ አልጋውን አየች። ማዶውን አየች።
ከአልጋው እስከ ማዶ በጣቷ ለካች፣
አንድ ዓይኗን ጨፍና።
አልበቃም ጣቷ።

እንቆቅልህ!
ምን አውቅልህ?
«ካላወቅህ አገር ስጠኝ» ማለት ወጉ ነበረ፤
ዛሬ ግን አፌ ላይ ቃሉ ታስሮ ቀረ።